«እንደ ልጇ አሳደገችኝ» እያሉ መኖር

ውድ እህቴ፣ ረጅሙ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም ጉዳዩን መከታተል እንዲችሉ፣ በፈቀድሽልኝ መጠን አሳጥሬ አስቀምጠዋለሁ።

ዕድሜሽ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነሽ፤ የምትተዳደሪውም በሒሳብ ሙያ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ «ከተማ ገብታ ትማርልን» ተብለሽ ከወሎ ገጠር አዲስ አበባ ወደሚኖሩት የአባትሽ እህት ቤት መጣሽ። እንደተባለውም ተማርሽ። ከአክስትሽ ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ብትማሩም፣ ጎህ ሳይቀድ ከቦኖ ውሃ የምትቀጂው፣ የእነርሱን የደንብ ልብስ የምታጥቢው፣ እራት ከተበላ በኋላ ዕቃውን አጣጥበሽ በጓዳው አምፖል ደብተርሽን የምትገልጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ቁንጥጫውና ኩርኩሙ የዘወትር ነበር። በዘጠኝ ዓመትሽ የእንግዳ ሳህን በሰበርሽ ቀን ደግሞ በከሰል ማንደጃ ላይ በርበሬ ተነስንሶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ታጠንሽ። አባትሽ በዓመት አንድ ጊዜ ቅቤና ማር ይዘው ሲመጡ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ይሉሻል፤ አክስትሽ አጠገብሽ ቆመዋል፤ አንቺም «ደህና ነኝ» ትያለሽ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለየት ብለው የሚታወሱሽ የሦስተኛ ክፍል መምህርሽ ናቸው፤ በዕረፍት ሰዓት በሩን ገርበብ አድርገው ዴስክሽ ላይ እንድትተኚ ይፈቅዱልሽ ነበር።

አሁን አክስትሽ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጆቻቸው ድግስ አስበዋል፤ «ከእኛ ይልቅ ያንቺ ምስክርነት ያምራል» ብለው ንግግር እንድታደርጊ ጠይቀውሻል። ባለቤትሽም ስለ ልጅነትሽ «እንደ ልጇ አሳደገችኝ» ስትዪ እንጂ ሌላ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ባለፈው ወር ደግሞ የስድስት ዓመቱ ልጅሽ ወተት ደፋ፤ ምን ልታደርጊ እንደሆነ የገባሽ የበርበሬውን ጣሳ ከመደርደሪያ ካወረድሽ በኋላ ነበር። ልጁ በርበሬ ለቅጣት ሊውል እንደሚችል ስለማያውቅ፣ «እማዬ፣ ወጥ ልትሠሪ ነው?» ብሎ ጠየቀሽ። ጣሳውን መልሰሽ መታጠቢያ ቤት ገባሽና በሩን ቆለፍሽ። የምትጠይቂኝም እንዲህ ብለሽ ነው፦ እውነቱን ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው? እኔስ እንደ እርሷ ልሆን ነው? በየወሩ የምሰጣትን መጦሪያስ ላቁም?

ድግሱን ለጊዜው አቆይቼ መልሴን ከበርበሬው ጣሳ እጀምራለሁ። አክስትሽም አንቺም አዋቂዎች ናችሁ፤ የእናንተ ጉዳይ ጥቂት ሊቆይ ይችላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ነገም ወተት መድፋቱ አይቀርም።

«እንደ እርሷ ልሆን ነው?» ላልሽው መልሴ አትሆኚም የሚል ነው፤ ይህን የምለውም ላጽናናሽ ብቻ ብዬ አይደለም። ልጅ በብርቱ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ያየውን ነገር በቃሉ ከሚይዘው ይልቅ ሰውነቱ ይይዘዋል። ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግ አንቺ የተማርሽው ከአንድ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከሥራ ደክመሽ በገባሽበትና እንቅልፍ ባጣሽበት ሰዓት፣ ማሰብሽ ከእጅሽ ሲዘገይ፣ እጅሽ ወደለመደው ነገር ይሄዳል። ይህ ክፉ ሰው መሆንሽን አያሳይም፤ እንዲያው ዝም ቢሉት በራሱ የሚጠፋ ነገርም አይደለም። የልጅሽ ጥያቄ ሲያነቃሽ ጣሳውን መልሰሻል። አክስትሽ ያን ቀን ማንደጃው ላይ በርበሬውን ሲነሰንሱ አንቺም አንድ ነገር ብለሽ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልሰሙሽም። አንቺ ልጅሽን ሰምተሻል።

ልጅነት በአዋቂ ሰው ሕይወት ላይ የሚተወውን ምልክት የሚያስረዱ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም፤ በስፋት የሚጠቀሰው ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ማሳተም የጀመሩት፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች የተካፈሉበት ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ በልጅነታቸው ስለደረሰባቸው ድብደባ፣ ስድብና ወሲባዊ ጥቃት፣ እንዲሁም በቤታቸው ውስጥ ስለነበረው ጠብና ሱስ ተጠየቁ። ከተዘረዘሩት መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ የደረሱባቸው ሰዎች፣ አንድም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለድብርት፣ ለመጠጥ ሱስ፣ አልፎም ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ድምር እንጂ ስለ አንዲት ሴት መጨረሻ አይደለም። «ያለፈውን እያነሣሽ ራስሽን አታስጨንቂ» የሚሉሽ ሰዎች ግን ያለፈው ነገር አልፎ አለመሄዱን ቢያውቁት ይበጃል።

የዚህ ጉዳይ ሌላው ገጽ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ ታይቷል። ኤሚ ዌርነርና ሩት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በወላጆች ሕመም መካከል ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ራሳቸውን የቻሉ፣ ለሰው የሚያስቡ አዋቂዎች ሆኑ። በእነዚህ ልጆች ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የተገኘው ነገር ቢያንስ አንድ የሚያምኑት አዋቂ በአጠገባቸው መኖሩ ነው፤ አንዳንዱ አያት፣ አንዳንዱ ጎረቤት፣ አንዳንዱ መምህር ነበረው። የሦስተኛ ክፍል መምህርሽን በደብዳቤሽ ውስጥ በሁለት መስመር አልፈሻቸዋል። እኔ ግን አንቺን ዛሬ ካለሽበት ያደረሱሽ ሰዎች ሲቆጠሩ እርሳቸውን ከፊት መስመር አስቀምጣቸዋለሁ። ሁሉንም ያደረጉልሽ አክስትሽ ብቻ እንደሆኑ ሲነገርሽ ስለኖረ፣ በሩን ገርበብ ያደረገልሽ ሰው እንደነበረ ልትረሺ ትንሽ ቀርቶሽ ነበር።

ለልጅሽ ያን ቀን የሆነውን ንገሪው። የስድስት ዓመት ልጅ እናቱ በር ቆልፋ ስታለቅስ ከሰማ ምክንያቱን ከራሱ ነው የሚፈልገው፤ ወተቱን በመድፋቱ እንዳስለቀሰሽ አምኖ ሊያድግ ይችላል። «ያን ቀን በጣም ተቆጥቼ ነበር፤ ያለቀስኩት ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፤ አንተ አላስለቀስከኝም፤ ወተት ይደፋል፣ ይጠረጋል» ብትዪው ይበቃዋል፤ ስለ ማንደጃውና ስለ ብርድ ልብሱ ማወቅ የለበትም። የእናቶችንና የሕፃናትን ግንኙነት በካሜራ እየቀረጸ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ፣ በጥሩ ግንኙነት ውስጥ እንኳ እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሳይገጣጠሙ እንደሚውሉ፣ ልጅን የሚያጸናውም ከተላለፉ በኋላ ተመልሰው መገናኘታቸው መሆኑን አሳይቷል። ጣሳውን ከቤት አውጪው አልልሽም፤ በርበሬ የሌለበት ማጀት በእኛ አገር የት ይገኛል? ድምፅሽ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን ከማእድ ቤት ወጥቶ በረንዳ ላይ መቆምን ልማድ አድርጊው፤ ባለቤትሽም ይህን አውቆ በዚያች ሰዓት ልጁን እንዲይዝልሽ ተስማሙ። ለዚህ ደግሞ ባለቤትሽ ማወቅ አለበት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ለዓመታት ያሠቃየሽ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ባታመጣኝ ኖሮ አልማርም ነበር፤ ታዲያ በምን አፌ በደለችኝ እላለሁ?» የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንሽ በራስሽ ሙያ ልመልስልሽ። ከአንድ ደንበኛ ጋር ተሰብሳቢ ሒሳብም ተከፋይ ሒሳብም ቢኖርሽ፣ ሁለቱን በራስሽ ፈቃድ አቻችለሽ የተጣራውን ብቻ መዝገብ ላይ አታሰፍሪም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ሙሉ መጠኑን ይዞ ይታያል። አክስትሽ ቤታቸውን ከፍተው ተቀብለውሻል፤ አብልተውሻል፤ ለትምህርት ቤት ከፍለዋል፤ ይህ ውለታ ሙሉ ነው፣ አንድም ሳንቲም አይቀነስበትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅን በበርበሬ ጭስ ማፈን፣ አምስት ሰው የሚበላበትን ዕቃ በአንዲት ልጅ ማሳጠብ፣ በአባቷ ፊት እውነት መናገር የማትችል አድርጎ ማሳደግ ደግሞ በደል ነው፤ ይህም ሙሉ ነው፣ ውለታው ምንም ያህል ቢበዛ አይቀነስለትም። እስካሁን አንዱን ለማንሣት ሌላውን መካድ ያለብሽ መስሎሽ ኖረሻል፤ ስታመሰግኚ ትዋሻለሽ፣ ስትቆጪ ውለታ ቢስ የሆንሽ ይመስልሻል።

ዘመዶችሽ ይህን ብትነግሪያቸው «እኛም በቁንጥጫና በአለንጋ ነው ሰው የሆንነው» እንደሚሉሽ ከወዲሁ አውቃለሁ። ይህን አባባል በየልቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አላሳመነኝም። ሰው የሆኑት በአለንጋው ይሁን ከአለንጋው ተርፈው፣ ማን መረመረ? ደግሞም ይህን የሚናገሩት የቆሙት ናቸው፤ የተሰበሩት፣ በጠጅ ቤት የቀሩት፣ ከቤት ጠፍተው የወጡት በድግስ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ አይጋበዙም።

ስለ ሕጉም ጠይቀሻልና በአጭሩ ልመልስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች ለጉልበት ብዝበዛ እንዳይዳረጉ፣ በትምህርት ቤቶችና በልጆች ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥም ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅን ማንገላታትን በአንቀጽ 576 ያስቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚሰጠውን ተገቢ ተግሣጽ ግን ከዚህ ለይቶ ያየዋል። በርበሬ ማጠን በየትኛውም አእምሮ ተገቢ ተግሣጽ ሊባል አይችልም። አንቺ ግን የምትፈልጊው ክስ እንዳልሆነ ጽፈሻል፤ ስለዚህ በዚህ አልቆይም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ አክስትሽ ገጾች ሞልተሻል፤ ስለ አባትሽ ግን ቅቤና ማር ይዘው ከመምጣታቸው በቀር ምንም አላልሽም። በሕይወት ስለሌሉ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ሙት አይወቀስም። ልጅን ወደ ከተማ ዘመድ መላክ በድሃ ገበሬ ቤት የተስፋ ምልክት እንደነበረ፣ አባትሽም ሲሰጡሽ ልባቸው እየተቆረጠ ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። ያም ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ መጥተው፣ እጅሽን እያዩ፣ ለብቻሽ ወደ ደጅ ይዘውሽ ወጥተው አልጠየቁሽም። ለአክስትሽ የያዝሽው ቁጣ ውስጥ ለእርሳቸው ያልሰጠሽው ቁጣ ተቀላቅሎ ከሆነ፣ አክስትሽን በሁለት ሰው ዕዳ ልትጠይቂያቸው ነው ማለት ነው። አባትሽን እንድትወቅሺ አልመክርሽም። በወረቀት ላይ ግን የእርሳቸውንም ስም ጻፊው።

ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኒቤከር ከሥራ ባልደረባው ከሳንድራ ቢል ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች በተከታታይ አራት ምሽቶች ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውን ነገር ከተሰማቸው ስሜት ጋር አጣምረው የጻፉት፣ በተከታዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አነሰ፤ ወዲያው እንደጻፉ ግን ሐዘን ተጭኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል፤ ስለዚህ ጽሑፍ ሁሉን ይፈውሳል ብዬ አላታልልሽም። ለአንቺ የሚጠቅምሽ በሌላ ምክንያት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ስለሆነው ነገር እስከዛሬ የተነገረው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ እርሱም የአክስትሽ ነው፤ አንቺም ብትሆኚ ስትናገሪ የኖርሽው የእርሳቸውን ታሪክ ነው። «ታጠንኩ» ብለሽ በገዛ እጅሽ ስትጽፊ፣ ማን እንዳጠነሽ፣ ማን ቆሞ እንዳየ፣ ዓይንሽ ስንት ቀን እንደቀላ፣ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ምን ብለሽ እንደዋሸሽ ስትጽፊ፣ ያ ቀን የአንቺም ይሆናል። እየጻፍሽ እጅሽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ እንቅልፍ ካሳጣሽ፣ ቀኑን ሙሉ ያ ጭስ የሚሸትሽ ከሆነ አቁሚውና ከባለሙያ ጋር ሆነሽ ቀጥዪው።

ለአባትሽ «ደህና ነኝ» ማለትሽን እንደ ውሸት ቆጥረሽ ራስሽን ወቅሰሻል። ይህ ወቀሳ አይገባሽም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳስረዳው፣ አሳዳጊው ሊቀበለው የማይችለውን ስሜቱን ልጁ ደብቆ፣ አሳዳጊው የሚፈልገውን መልክ ያሳያል፤ ይህም መልክ ከውስጥ ያለውን ሕፃን ይጠብቀዋል። አባትሽ በማግሥቱ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ አንቺ የምትቀሪው ከአክስትሽ ጋር ነው፤ በዚያች ሰዓት «ደህና ነኝ» ከማለት የተሻለ ብልህነት ከሰባት ዓመት ልጅ አይጠበቅም። ችግሩ የሠላሳ ስድስት ዓመቷም ሴት ለባሏ፣ ለጓደኞቿ፣ ለንስሐ አባቷ ይህንኑ መልስ እየሰጠች መሆኑ ነው። ዛሬ አጠገብሽ ቆሞ የሚቆጣጠርሽ ሰው የለም፤ ያለው ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እውነት የሚነገረው ለባለቤትሽ ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡና ከሁሉ በፊት ከእርሱ የምትፈልጊውን ነገር ንገሪው፦ ምክርም ሆነ ፍርድ እንዲሰጥሽ ሳይሆን ጨርሰሽ እስክትናገሪ እንዲያዳምጥሽ። አንዳንድ ባሎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ወይ ነገ ሄደው ሊጣሉ ይነሣሉ፣ ወይ «በቃ ተዪው፣ አልፏል» ይላሉ፤ ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ቢሆኑ እንኳ ታሪኩን ከእጅሽ ይወስዱብሻል። «እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?» ብሎ ቢያዝን አትደንግጪ፤ ማዘኑ ተገቢ ነው፤ ለራስሽም ደብቀሽው እንደነበረ ንገሪው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለውም ሕመም ይሠራል።

ወደ ድግሱ እንምጣ። በማይክሮፎን ፊት ቆመሽ በርበሬውንና ማንደጃውን እንድትዘረዝሪ አልመክርሽም፤ ይህን የምለው አክስትሽን ለማዳን አይደለም፣ ላንቺ ስለማይበጅ ነው። በሰባኛ ዓመታቸው በልጆቻቸውና በጎረቤቶቻቸው ፊት የተከሰሱ ሰው ልባቸውን ከፍተው አይሰሙም፤ ይክዳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ወይም ራሳቸውን ይስታሉ። ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጉልበት ስመሽ ይቅርታ እንድትጠይቂ ያደርጉሻል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወራው በዘጠኝ ዓመትሽ የደረሰብሽ ነገር ሳይሆን ያበላሸሽው ድግስ ይሆናል። ዝም ማለትና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም። በዚያ ቀን ስለ በደሉ ዝም የማለት መብት አለሽ፤ ያልሆነውን ሆነ ብለሽ የመመስከር ግዴታ ግን የለብሽም።

ከተናገርሽም እውነት የሆነውን ብቻ ተናገሪ። «አክስቴ ቤቷን ከፍታ ባትቀበለኝ ኖሮ ፊደል አልቆጥርም ነበር። ዛሬ የምሠራውን ሥራ ያገኘሁት በዚያ በር ገብቼ ነው፤ ስለዚህ አመሰግናታለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ብትዪ አንድም ሐሰት የለበትም። «እንደ ልጇ» የሚለውን ቃል ግን ከአፍሽ አታውጪው፤ እስካሁን ያነቀሽ እርሱ ነውና። የአክስትሽ ልጆች ያን ቃል አለመናገርሽን ያስተውሉ ይሆናል። ያስተውሉት፤ ከእነርሱ መካከል የውሃውን ጀሪካን ተሸክመሽ ስትገቢ እያየ ያደገ፣ በልቡም ይዞት የኖረ ሰው አይጠፋም። ይህንንም ያህል ለመናገር ልብሽ ካልፈቀደ፣ ንግግሩን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት በሁለት መስመር መልእክት አሳውቂ፤ «ንግግር አይሆንልኝም» ማለት በቂ ምክንያት ነው። በድግሱ ዋዜማ ታምሜአለሁ ብሎ መቅረት ግን ሌላ ውሸት መጨመር ነው።

ይቅርታን በሚመለከት፣ ንስሐ አባትሽ «እናትና አባትህን አክብር» የሚለውን እንደጠቀሱልሽ ጽፈሻል። ትእዛዙ ታላቅ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ጠቅሶታል። ይሁንና ሁለት ቁጥር ብቻ አልፎ፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ በዚያው ምዕራፍ ያዝዛል፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው እኩል ሲሰበክ አልሰማሁም። በእኛው የዕርቅ ሥርዓት እንኳ ሽማግሌዎች ገና ተቀምጠው «ታረቁ» አይሉም፤ ተበዳይ በደሉን ይናገራል፣ በዳይም መልስ ይሰጣል፣ ጥፋቱ በስሙ ይጠራል፤ ይቅርታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺን ሰዎች ይቅር በዪ የሚሉሽ የተበደልሽው ነገር ሳይነገር ነው። በቀል አለመፈለግ፣ ክፉ አለመመኘት፣ እርሳቸውን ስታስቢ ሰውነትሽ አለመጨማደዱ በአንቺ እጅ ያለ ነው፤ ጊዜም ሊወስድ ይችላል። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሌላው ሰው ጥፋቱን ሳያውቀው አንቺ ብቻሽን ልትፈጽሚው አትችዪም።

አክስትሽን ማናገር ከፈለግሽ ድግሱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ይሁን፤ ልጆቻቸው በሌሉበት፣ በቤታቸው፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ። ውለታውንም በደሉንም በአንድ ንግግር ንገሪያቸው፦ «እትዬ፣ ስላስተማርሽኝ አመሰግንሻለሁ። በበርበሬ ያጠንሽኝ ቀን ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ልጅ ነበርኩ፤ ልክ አልነበረም።» ከዚህ በላይ መዘርዘር አያስፈልግም። መልሳቸው «መቼ? እኔ አላስታውስም» የሚል ሊሆን ይችላል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እርሳቸው እውነትም ላያስታውሱት ይችላሉ። «እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት» ሊሉሽም ይችላሉ፤ ይህ ካሳ ባይሆንም እውነት ሊሆን ይችላልና አድምጪ፤ ምናልባት እርሳቸውንም ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲያለቅሱ ወይም እግርሽ ላይ እንዲወድቁ ጠብቀሽ የምትሄጂ ከሆነ ግን አትሂጂ፤ ፈውስሽን በእርሳቸው አፍ ላይ አስቀምጠሽዋል ማለት ነውና። «ልክ አልነበረም» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ጮክ ብለሽ ለመናገር ብቻ ከሆነ የምትሄጂው፣ ምንም ቢመልሱልሽ የሄድሽበትን ፈጽመሽ ትመለሻለሽ።

ባለሙያ ማማከርን አትፍሪው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው አማኑኤል ሆስፒታልንና ከባድ ሕመምን ብቻ ነው የሚያስበው፤ ዛሬ ግን በየከተማው ባሉ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ አገልግሎት አለ፤ የልጅነት ጉዳትን በምክክር የሚያዩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም አሉ። ጸበልሽን ጸሎትሽን ሳትተዪ መሄድ ትችያለሽ። እጅሽ በልጅሽ ላይ ከተነሣ፣ ወይም መኖር አስጠልቶሽ ከሆነ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ሳትዪ ዛሬውኑ ሂጂ።

ስለ መጦሪያው ገንዘብ የምመልስልሽ ከባለቤትሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ የሚሠራ ነው። አታቁሚ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ገንዘብን መቅጫ ማድረግ ከምትሸሺው ቤት ወግ ብዙ አይርቅም። በጽሑፍሽ መሠረት ግን የምትልኪው ከደመወዝሽ ሲሶውን ያህል ነው፤ የአክስትሽ የሆድ ልጆች ግን ያለ ደንብ እንዳመቻቸው ይሰጣሉ። ያን ያህል የምትልኪው ውለታ ልትከፍዪ ብቻ ነው ወይስ «በደለችኝ» ብለሽ ስላሰብሽ ራስሽን ለመቅጣት ጭምር ነው? ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን አስሉ፤ ሳትቆጪም ሳትፈሪም ልትሰጪው የምትችዪው ምን ያህል እንደሆነ ወስኑ። ከዚያ የአክስትሽን ልጆች ሰብስበሽ፣ ከእንግዲህ በየወሩ ይህን ያህል እንደምትሰጪ፣ የቀረውን እነርሱ እንዲከፋፈሉት ንገሪያቸው።